ከፍታው አልነበረም

ዲንሾ ላይ ልጆቻችንን ያመማቸው የተራራው ከፍታ ነው ብዬ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ። ውሸቴን ነበር። ያሳመማቸው በገዛ እጄ ድንኳን ውስጥ ያስገባሁት ከሰል ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ በበጋ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ልጆቹ ከጥዱና ከኮሶው ሥር የደጋ አጋዘን ሲግጥ እያዩ፣ ከርከሮ ባለፈ ቁጥር እየጮኹ በደስታ ዋሉ። ሲመሽ የትንሹ እጅ በረዶ ሆነ። ቡና ያፈላንበትን ማንደጃ አስገባሁና ዚፑን ዘጋሁ። ባለቤቴ «ኧረ ተው፣ ያፍነናል» አለችኝ። «ፍም ሆኗል እኮ፣ ጭስ የለውም» አልኳት።

በየቤታችን የሚባለው ይኸው ነው፤ ከሰሉ ከጠራ አይጎዳም ይባላል። ሰው የሚገድለው ግን የሚታየው ጭስ ሳይሆን ከጠራው ፍምም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ላይ የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ሕፃናት ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ እነሱን ቀድሞ ይጥላል።

ሌሊት ትልቋ «ራሴን፣ ራሴን» እያለች አስመለሳት። ትንሹን ብቀሰቅሰው አንገቱ አልጸና አለ። ባለቤቴ ድንኳኑን በርግዳ ሁለቱንም ታቅፋ ወጣች። እኔ ልከተላት ስነሳ ጉልበቴ ከዳኝ፤ እየዳህኩ ነው የወጣሁት። ትንሹ ውርጩ ፊቱን ሲመታው አለቀሰ። ያንን ልቅሶ የሰጠኝን አምላክ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ራስ ምታትና ማስመለስ የከፍታ ሕመምም ምልክት ናቸው። ጠዋት ጤና ጣቢያ ባለቤቴ ትንሹን አዝላ ደጅ ቆማ ሳለ፣ ትልቋን ይዤ የገባሁት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ምን እንደነካት ሲጠይቀኝ «ከፍታው ነው መሰለኝ» አልኩት። ከማንደጃው ይልቅ ይህ ይከብደኛል። ማንደጃውን ያስገባሁት ባለማወቅ ነው፤ ለሐኪሙ ስዋሽ ግን እያወቅሁ ነበር።

አዲስ አበባ ስንመለስ አማቴ «ጨቅላ ይዘሽ ዱር ለዱር!» ብለው ልጃቸውን ተቆጡ። ጉዞው የእኔ ሐሳብ ነበር። ባለቤቴ አየችኝ፤ አቀርቅሬ ቡናዬን ጠጣሁ።

ውሸቱ ግን እዚያ አልቆመም። ትልቋ «እኔን ተራራ ያመኛል» ማለት ለመደች። በቅርቡ የክፍሏ ልጆች እንጦጦ ሲወጡ እሷ ቀረች። ያን ዕለት ማታ አማቴም ባሉበት ሁሉንም ከሥሩ ተናገርኩ። አማቴ ወደ ልጃቸው ዞረው ጉልበቷን ያዙ። ትልቋ ግን «አባዬ፣ ለዶክተሩ ለምን አልነገርከውም?» አለችኝ።

«እንዳይቆጣኝ ፈርቼ ነው» አልኳት።