ያየኸው ተራራ ሁሉ የሚወጣበት አገር

አገር ለማየት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ፓስፖርት ያወጣል፤ ቀጥሎ ስንቁንና ልብሱን ያሰናዳል፤ በመጨረሻም ዘመዶቹን ተሰናብቶ መንገድ ይጀምራል። እኔ ግን ባለፈው ወር ያየሁትን አገር ለማየት ከእኅቴ ቤት ሳሎን አልወጣሁም። ፓስፖርት የጠየቀኝ የለም፤ ለመሳፈሪያም አንድ ሳንቲም አልከፈልሁም። ይሁን እንጂ ዐሥር ሌሊት ተጓዝሁ፤ ተራራ ወጣሁ፤ ወንዝ ተሻገርሁ፤ በብርድ ተንቀጠቀጥሁ፤ ሦስት ጊዜም ገደል ገብቼ ሞትሁ።

የአገሩ ስም ሃይሩል ይባላል። የሚገኘውም «የዜልዳ አፈ ታሪክ» በሚባለው የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ነው። እኔ የገባሁበት ክፍል «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» የሚል ስም ሲኖረው፥ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «የዱር እስትንፋስ» እንደ ማለት ነው። ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርች 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ለገበያ አቀረበው። ለተጫዋቹ ከሁሉ የበለጠ የነፃነት ስሜት የሚሰጠው ጨዋታ የትኛው ነው የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር የዚህ ጨዋታ ስም ከፊተኞቹ መካከል ሳይጠራ አይቀርም። ነፃነት ግን ከባድ ቃል ነው። ስለዚህ ነገሩን በዓይኔ ሳላይ ለማመን አልፈቀድሁም፤ የእኅቴን ልጅ መንገድ መሪ አድርጌ ጉዞዬን ጀመርሁ።

ከዋሻው ደጃፍ

መንገደኛው ሊንክ የሚባል ወጣት ነው። መቶ ዓመት ከተኛበት ዋሻ ነቅቶ ወደ ብርሃን ሲወጣ፥ ጥቂት ሮጦ ከገደል አፋፍ ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ከመካከሉ ጥቁር ጭጋግ የከበበው ቤተ መንግሥት አለ፤ ከሩቅ እሳት የሚተፋ ተራራ ይጨሳል፤ በሌላ ወገን ደግሞ በሰይፍ ለሁለት የተሰነጠቀ የሚመስል መንታ ተራራ ቆሟል። ሜዳው፥ ደኑና ወንዙ ዓይን እስከሚያይበት ድረስ ይሄዳል።

እኔም ለጥቂት ጊዜ በዝምታ ከተመለከትሁ በኋላ፥ «አሁን ወዴት እንድንሄድ ነው የታዘዝነው?» ብዬ ልጁን ጠየቅሁት።

ልጁ ሳቀብኝ። «ጋሼ፥ የሚያዝዎት የለም እኮ። ወደ ወደዱት ይሂዱ» አለኝ።

እውነት ለመናገር፥ መንገድ የሚጠቁም አንድ ድምፅ አለ። ባትከተለው ግን የሚቆጣህ የለም። ይህ ነገር አሳፈረኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የአለቃዬ ፊርማ ሳይደርሰኝ አንድ ፋይል ከመደርደሪያው አንሥቼ አላውቅም። ማታ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ስንቀመጥ ግን፥ «ምነው ሰው በገዛ ሐሳቡ እንዲሠራ ቢተውት!» እያልሁ የማማርር ሰው ነበርሁ። እነሆ፥ በጨዋታም ቢሆን ሐሳቤ ለራሴ ሲተውልኝ፥ መጀመሪያ የፈለግሁት አዛዥ ነበር። በዚያ ሌሊት ከዋሻው ደጃፍ ብዙም ሳልርቅ አመሸሁ።

በአምባው ላይ

ጉዞው የሚጀመርበት ስፍራ ዙሪያውን ገደል የሆነ ታላቅ አምባ ነው። በላዩ አራት መቅደሶች አሉ። በየመቅደሱ ያለውን ፈተና የጨረሰ መንገደኛ፥ በዚያ ከሚኖር አንድ ሽማግሌ ከጨርቅ የተሠራ መንሳፈፊያ ይቀበላል። በእርሱም እንደ ወፍ እየተንሳፈፈ ከአምባው ይወርዳል። ከአራቱ የትኛውን ማስቀደም እንዳለበት ግን የሚወስነው ራሱ ነው።

ከመቅደሶቹ አንዱ በረዶ ከሸፈነው ተራራ ላይ ነው። እኔ በስስ ሸሚዝ ወጥቼ በብርድ ሞትሁ። ቀጥሎ እንደ ተረዳሁት፥ ለዚህ ችግር ከአንድ የበለጠ መፍትሔ አለው። ችቦ ለኩሶ የያዘ ሰው ይሞቀዋል። ወፍራም ልብስ ማግኘትም ይቻላል። ወይም በአካባቢው የሚበቅለውን የሚያቃጥል በርበሬ አብስሎ የበላ፥ ለተወሰነ ጊዜ ብርዱን ይቋቋማል። ልጁ ችቦውን መረጠ፤ እኔ በርበሬውን መረጥሁ። ምክንያቱን ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከአምባው ከወረዱ በኋላ ነፃነቱ ይባስ ይሰፋል። የአገሩ ጠላት ጋኖን የተቀመጠው መጀመሪያ ከአፋፉ ላይ ባየነው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ወደዚያ በቀጥታ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው በር የሚዘጋበት የለም። የሠለጠኑ ተጫዋቾች ከመነሻው እስከ መጨረሻው ያለውን ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይፈጽሙታል። ሌላው ደግሞ 120 መቅደሶችንና በየጥሻው የተሰወሩትን 900 የኮሮክ ዘሮች ሲፈልግ ወራት ይፈጃል። እኔም በሦስተኛው ሌሊት ድፍረት አድሮብኝ ከእንጨት ዱላና ከበርበሬ ወጥ በቀር ምንም ሳልይዝ ወደ ቤተ መንግሥቱ ገሠገሥሁ። ከግቢው ሳልደርስ አንድ የብረት ዘበኛ በጨረር አቃጠለኝ። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም ደግሞ አላዳነኝም።

ሕግ ያለበት ነፃነት

በዚህ አገር ያየኸውን ተራራ መውጣት ትችላለህ። ቀድሞ በነበሩት ብዙ ጨዋታዎች ተራራ ማለት ሥዕል ነበር፤ ብትነካው እንደ ግድግዳ ይመልስሃል። በሃይሩል ግን ጥቂት ቦታዎች ካልሆኑ በቀር ገደሉን ሁሉ በእጅህና በእግርህ ቧጠህ ትወጣለህ። ዋጋው ትንፋሽ ነው። የብርታትህን መጠን የሚያሳይ አረንጓዴ ቀለበት ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ማረፊያ ሳታገኝ ካለቀ ትወድቃለህ። ዝናብ ከጣለም ድንጋዩ ያዳልጣል።

ሠሪዎቹ በ2017 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ለሙያ ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ንግግር፥ የአገሩ ተፈጥሮ በሦስት ደንቦች እንደሚመራ ገልጸው ነበር። አንደኛ፥ እሳትን፥ ውኃንና ንፋስን የመሳሰሉት ኃይሎች የቁሶችን ሁኔታ ይለውጣሉ፤ እሳት እንጨትን እንደሚያቃጥል ማለት ነው። ሁለተኛ፥ ኃይሎች እርስ በርሳቸው ይለዋወጣሉ፤ ውኃ እሳትን ያጠፋል። ሦስተኛ፥ ቁስ የቁስን ሁኔታ ሊለውጥ አይችልም። ደንቡ ይህን ያህል አጭር ነው። ከእርሱ የሚወጣው ነገር ግን ተቈጥሮ አያልቅም። ደረቅ ሣር ብታቃጥል ትኩስ አየር ይነሣል፤ መንሳፈፊያህን ብትዘረጋ ያ አየር ወደ ሰማይ ያወጣሃል። መብረቅ በሚጥልበት ሰዓት ብረት ለብሰህ ብትቆም ይመታሃል፤ ብረቱን ከጠላትህ አጠገብ ጥለህ ብትሸሽ ግን መብረቁ ለአንተ ይዋጋልሃል።

ከዚህ የተማርሁት አንድ ነገር አለ። ነፃነት ማለት ሕግ አለመኖር ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በሃይሩል ሰው ደፍሮ የሚያስበው ሕጉ ግልጽ ስለሆነና ከቀን ወደ ቀን ስለማይለዋወጥ ነው። እሳት ዛሬ አቃጥሎ ነገ ባያቃጥል፥ ማንም ዕቅድ ሊያወጣ ባልቻለ ነበር።

የአገሩ መሠረት

ሃይሩልን የሠሩት ሰዎች የሚኖሩበት ኩባንያ መቀመጫው የጃፓን ጥንታዊት ከተማ ኪዮቶ ናት። ኒንቴንዶ በዚያች ከተማ በ1889 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራው የመጫወቻ ካርታ ማተም ነበር። የ«ዱር እስትንፋስ»ን ሥራ የመሩት ሂደማሮ ፉጂባያሺም የኪዮቶ ተወላጅ ናቸው። የጨዋታውን አገር ስፋት ለመወሰን በተቸገሩ ጊዜ የከተማቸውን ካርታ አምጥተው በሃይሩል ካርታ ላይ አነጠፉት። ከሚያውቁት አንድ ስፍራ ወደ ሌላው በእግር ለመሄድ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ስለሚያውቁ፥ የሕልሙን አገር ርቀት በእግራቸው ትዝታ ለኩት።

ተራሮቹም በዘፈቀደ አልተቀመጡም። ሠሪዎቹ እንዳስረዱት፥ የመሬቱ ቅርጽ በትልልቅና በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተሰናዳ ነው። ኮረብታ ከፊትህ ሲቆም ወይ ትወጣዋለህ ወይ ትዞረዋለህ። ከጀርባውም የተደበቀ ሌላ ነገር ብቅ እያለ ዓይንህን ይስባል። እንግዲህ በራሴ ፈቃድ የሄድሁበት መስሎኝ የነበረው መንገድ አስቀድሞ የታሰበበት መሆኑን ባወቅሁ ጊዜ፥ ትንሽ ቅር አለኝ። ኋላ ግን ሳስበው፥ መሳብና ማስገደድ አንድ አይደሉም። ተራራው ጠራኝ እንጂ አልጎተተኝም፤ እምቢ ብዬ ወደ ወንዙ የወረድሁበትም ጊዜ አለ።

የነገሩ ሥር ከዚህም ይርቃል። የመጀመሪያው «የዜልዳ አፈ ታሪክ» የወጣው በ1986 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከፈጣሪዎቹ ዋነኛው ሺገሩ ሚያሞቶ በ1952 ዓ.ም. በኪዮቶ አውራጃ ሶኖቤ በምትባል የገጠር ከተማ የተወለዱ ናቸው። በልጅነታቸው ያለ ካርታ በኮረብታውና በጫካው ይዞሩ ነበር። አንድ ቀን ዋሻ አገኙ፤ ፈርተው ከቆዩ በኋላ ፋኖስ ይዘው ገቡበት። ያ የልጅነት ፍርሃትና ደስታ ነው ወደ ጨዋታ የተለወጠው። ስለዚህ በእኅቴ ሳሎን የቀመስሁት ነፃነት ከእውነተኛ ኮረብታ የተቀዳ ነበር።

ወደ ቤት መመለስ

ሃይሩልም ወሰን አለው። በአንድ በኩል ባሕር፥ በሌላው በኩል መሻገሪያ የሌለው ገደል ይገታሃል። ሌላም ወሰን አለ፤ እርሱም እንቅልፍ ነው። በዐሥረኛው ሌሊት ማግሥት ቢሮ ዘግይቼ ገባሁ፤ ተገቢውንም ተግሣጽ ተቀበልሁ። ፈተና የደረሰበት ተማሪ ይህን ከእኔ ይማር፤ መቆጣጠሪያውን ማስቀመጥ ያልቻለ ሰው ነፃ ነኝ ሊል አይችልም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከፋይሎቹ ቀና ብዬ በመስኮቱ ተመለከትሁ። እንጦጦ እንደ ወትሮው ከባሕር ዛፉ ጋር ቆሟል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አየሁት፤ አንድ ቀን ግን በእግሬ ወጥቼው አላውቅም። የከለከለኝ ማን ነው? ፊርማ አይጠይቅም፤ ማመልከቻም አያስፈልገውም።

ማታ ለልጁ ነገርሁት። «ጋሼ፥ በየት በኩል እንወጣለን?» አለኝ።

«የሚያዝህ የለም፤ አንተ ምረጥ» አልሁት። እሑድ ጧት በአንድ ሰዓት ተቀጣጥረናል፤ በርበሬ የበዛበት ስንቅም እኅቴ ታሰናዳልናለች።