የቡቺ አገጭ

ብጉር የሰው ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካ ውሻም ያወጣል! ሰባት ወር የሞላው የቦክሰር ክልሳችን ቡቺ አገጩ ላይ ቀያይ እባጮች ሲያወጣ፣ እኛ እህትማማቾች መጀመሪያ ሳቅን። ቀጥሎ ያደረግነውን ግን ስንናገር እናፍራለን፤ የራሳችንን እንደለመድነው የሱንም አፈረጥነው። (እማዬ «ተዉ እንጂ፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው» እያለች ነበር።) በላዩ ላይ የፊታችንን 10 በመቶ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ቀባነው። በሦስተኛው ቀን አገጩ መግል ቋጥሮ አበጠ። ቡቺም እጃችንን ሲያይ ጠረጴዛ ስር መግባት ጀመረ። ከሁሉ ያመመን ይሄ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ ቆዳውን ፋቅ አድርገው በማይክሮስኮፕ አዩ፤ ተባይ የለም። እንደ ቦክሰርና ሮትዋይለር ያሉ ጸጉረ አጭር ውሾች በልጅነታቸው የአገጫቸው ጸጉር እየተሰበረ ቆዳቸው ውስጥ ይቀራል አሉን። ሲያፈርጡት ጭራሽ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ባክቴሪያ ይከተለዋል። የኛ ቅባት ደግሞ ለውሻ ቆዳ ይበረታል። ክሎርሄክሲዲን ማጠቢያና የሚዋጥ አንቲባዮቲክ አዘዙለት። የተቧጨረውን የፕላስቲክ ሳህኑን በብረት ቀየርንለት፣ በየቀኑም እናጥበዋለን።

አገጩ ድኗል። ጥጥ ስናወጣ ግን ቡቺ አሁንም ጠረጴዛ ስር ነው፤ እኛም ቁራሽ ሥጋ ይዘን፣ ተንበርክከን እናባብለዋለን።