ሃ ተብሎ የተለካ ድንጋይ

ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ስወርድ እግሬ መንገዱን ያውቀዋል፣ ዓይኔ ግን ግራ ይጋባል። በ2016 ዓ.ም ብዙ ሰፈር ፈርሷል፤ የአድዋ ድል መታሰቢያም የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው። የልጅነቴ ስርቻዎች ሰፊ ጎዳና ሆነው ጠበቁኝ። ቢሆንም ስሟን ጣሊያን ቢያወጣላት ወዟን የሰጧት አራዶቹ ናቸው። የሚቆላ ቡና ሽታና የወርቅ ቤት መስኮት አብረው ሲያገኙኝ ልቤ እዚያው ቀረ።

የገባሁት የእናቴን ቀለበት ላስጠግን ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አንድ አዛውንት አንጥረኛ በማቅለጫው ላይ ነበልባል ይለቃሉ። ወርቅ በ1064 ዲግሪ ይቀልጣል፤ እሳቸው ቴርሞሜትር የላቸውም፣ ቀለሙን ዓይተው ያውቁታል። አሥራ ስምንት ካራት እንዲሆን ከመቶው ሃያ አምስት እጅ መዳብና ብር ገባበት። «ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ነው፣ አይበረክትም» አሉኝ።

ሳልጠየቅ ኪሴን ፈተሽኩ። ውጭ አገር ስማር ያሳደግነው ክሪስታል ስባሪ፣ ከጥፍሬ የማትበልጥ፣ መስታወት የመሰለች ስስ ድንጋይ አለችኝ። ሊቲየም ናዮቤት ናት። የሞባይል ስልክ የራሱን ሞገድ ከሌላው የሚለይበት ማጣሪያ ከእሷና ከእህቷ ከሊቲየም ታንታሌት ይሠራል። ሊቲየሙም ናዮቢየሙም ከእኛው ጉጂ፣ ከቀንጢቻ አለት ውስጥ አሉ።

«እንዴት ነው የሚያድገው?» አሉ።

በፕላቲነም ማቅለጫ፣ ከ1250 ዲግሪ በላይ ይቀልጣል። ዘር የምትሆን ትንሽ ክሪስታል ጫፏ ይነከርና እየተሽከረከረች ትሳባለች፤ በሰዓት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። ዘዴውን ያገኘው ፖላንዳዊው ቾክራልስኪ ነው፣ በ1916 እ.ኤ.አ.። ብዕሩን ቀለም መስሎት የቀለጠ ቆርቆሮ ውስጥ ነክሮ ነው ይባላል። ንጹሑ ክሪስታል ጠንካራ የሌዘር ብርሃን ሲያልፍበት ስለሚጎዳ ከመቶ አምስት እጅ ያህል ማግኒዥየም ይጨመርበታል። ብረት ቢጨመር ግን ተቃራኒው ነው፤ ብርሃን ይበልጥ ያውከዋል፣ ለሆሎግራም የሚፈለገውም ለዚሁ ነው።

«ያው የእኛው ድብልቅ ነው» አሉ አንጥረኛው፣ ባለሙያ ባለሙያን ሲያገኝ በሚናገርበት ድምፅ።

የመጀመሪያው ክሪስታሌ ማቀዝቀዙን ስላጣደፍኩት ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ያን ሌሊት አልረሳውም። በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይልቅ ይለጠጣል፣ ሙቀቱም ቶሎ አይወጣለትም፤ ሙቀት በማስተላለፍ ወርቅ ከስልሳ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። የሙቀቱን ፍጥነት በቤተ ሙከራ የምንለካው በአንድ ፊቱ የብርሃን ብልጭታ ጥለን ሙቀቱ በሌላው ፊት እስኪደርስ ሽርፍራፊ ሰከንዶችን በመቁጠር ነው።

አዛውንቱ ድንጋዩን ተቀብለው በመቆንጠጫ ያዙና ሃ ብለው ተነፈሱበት። ጉሙ እስኪጠፋ ቆጠሩ። ከዚያ በባንኮው መስታወት ላይ ሃ አሉ፤ እዚያ ጉሙ ዘገየ።

«ከመስታወት ይሻላል፤ አልማዝ ግን አይደለም።»

ደነገጥኩ። ልክ ነበሩ፤ ጉሙ ቶሎ የሚጠፋው ሙቀት ቶሎ በሚያስተላልፍ ነገር ላይ ነው፤ በዚህ መስታወትን አራት አምስት እጥፍ ይበልጠዋል፣ አልማዝ ደግሞ ገና ሳይተነፍሱበት ጉሙን ያባርራል ማለት ይቻላል። እኔ ለዚህ ቁጥር ስንት ወር ሌዘር ፊት ተቀምጫለሁ!

«እሳት ይችላል?»

«ኧረ አባባ፣ ይሰነጠቃል!»

«እንደ ወሎው ኦፓል በለኛ» አሉና የደላንታውን ድንጋይ ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ። እሱንም ብየዳ ሲኖር አስቀድመው ከቀለበቱ ያወጡታል።

የእኔን ከመብራቱ ሥር ባለው የሞረድ ዱቄት አጠገብ አስቀመጡት። ሞቅ ሲል ፊቱ ላይ ኤሌክትሪክ ይከማችና ብናኝ ይስባል፤ ይህን ነግሬያቸው አልነበረም። ጥቂት ቆይተው ሲያነሱት ሥሩ በወርቅማ አቧራ ተሸፍኗል።

«አሃ!» አሉ መነጽራቸውን አውርደው፣ «ወርቄን ይዘህብኝ ልትሄድ ነው የመጣኸው?» ብሩሻቸውን አንስተው ዱቄቱን አንድም ሳያስቀሩ ወደ ሳህናቸው መለሱት።