«እኛ ጋ የለም» የተባለው በሽታ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በሜሴንጀር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ዶክተር፣ ግን ለምን ኤምኤስ? ሀገሩ በወባ፣ በቲቢ፣ በሚጥል በሽታ ተይዞ አንተ የፈረንጅ በሽታ ስታጠና ዕድሜህን ጨረስክ እኮ!» ሳቅኩና «ረጅም ታሪክ ነው» ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እና ረጅሙ ታሪክ ይኸውላችሁ። ቡና ይዛችሁ አንብቡት፣ ይረዝማል። የታሪኩን ባለቤት ፈቃዷን ጠይቄአለሁ፤ ስሜን ብቻ እንዳትጽፍ ብላኛለች።

ለማታውቁት፣ ያደግኩት አሰንዳቦ ነው። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ጅማ ለመግባት ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ሲቀራችሁ የምታልፏት ከተማ። አብዛኞቻችሁ ከመኪና መስኮት ነው የምታውቋት። ጅማ ጤና የተማራችሁ ግን ለቲቲፒ ወጥታችሁ ጭቃዋን ረግጣችኋል።

የአምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ሆኜ ለእረፍት ቤት መጣሁ። ሰፈር ውስጥ የሕክምና ተማሪ ማለት ዶክተር ማለት ነው፤ እኔም «ገና ነኝ» የምል ሰው አልነበርኩም። መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ጎረቤታችን ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የግራ ዓይኗ በሦስት ቀን ውስጥ ጭጋግ ለብሷል፣ ስታንቀሳቅሰው ያማታል። እና አንድ ነገር አለችኝ፦ «ቀዩን የቡና ፍሬ በዚህኛው ዓይን ሳየው የታጠበ ጨርቅ ይመስላል።»

ከጓደኛዬ የተዋስኩትን የዓይን መመርመሪያ አወጣሁ። ውስጡን አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ዛሬ አንድ ተማሪ ይህን ታሪክ ሰምቶ «የዓይን ነርቭ ብግነት ነው» ካላለኝ አላሳልፈውም። ነርቩ ከዓይን ኳስ ጀርባ ሲቆጣ ሐኪሙ ከፊት ሆኖ ቢያይ ምንም አያገኝም፤ መጀመሪያ የሚደበዝዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀይ ቀለም ነው። ያኔ ግን ያወቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅቷ ልትዳር ሽማግሌ ተልኳል። ለእናትየው ጆሮ ጠጋ ብዬ «ሆማ ሂንቀብዱ» አልኳት። ምንም የለባትም። ጋብቻውን ሽሽት ሊሆን ይችላል ብዬም ጨመርኩበት። (ይህንን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።)

በአምስት ሳምንት ውስጥ ዓይኗ በራ። እኔ ትክክል ሆንኩ፣ ሠርጉም ሆነ።

የቀረውን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳይሞላ ቀኝ እግሯ ከበደ፣ ከደረቷ በታች ደነዘዘ። ቤተሰቡ ሆስፒታል እንውሰዳት ሲል አንዱ ዘመድ «ያ የሐኪም ልጅ አይቷት የለም እንዴ? በሽታ የለባትም ካለ በሽታ አይደለም» አለ። በሽታ ካልሆነ ጅን ነው። ወደ ሼሁ ተወሰደች። እግሯም ቀስ በቀስ ተሻለው፤ የዚህ በሽታ ተንኮል እዚህ ላይ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል፣ ምስጋናውን የሚወስደው በዚያን ሰሞን የተሞከረው ነገር ነው። ሦስተኛው ሲመጣ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ባሏም ወደ እናቷ ቤት መለሳት።

እኔ በዚያ ጊዜ ጥቁር አንበሳ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ገብቼ ነበር። ይህ ትምህርት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት ነርቭ ሐኪም ለመሆን ከሀገር መውጣት ነበረበት ሰው። አንድ ቀን ስለ ዓይን ነርቭ ብግነት ትምህርት ላይ ቁጭ ብዬ መምህራችን ቀይ ቀለም የሚደበዝዝባቸውን ታማሚዎች ሲያነሳ እስክሪብቶዬ ቆመ። የቡና ፍሬው መጣብኝ። ከክፍል ወጥቼ ቤት ደወልኩ።

አዲስ አበባ አምጥተን ኤምአርአይ አስነሳናት። ለአንድ ፎቶ አንድ ጊደር ተሸጠ። ጭንቅላቷ ውስጥ፣ በፈሳሽ ቋቶቹ ዙሪያ ነጫጭ ነጠብጣቦች፤ አንገቷ ላይ በአከርካሪው ገመድ ውስጥ ሌላ። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፣ በላዩ ማይሊን የሚባል ላስቲክ የመሰለ ሽፋን አለው። መልቲፕል ስክለሮሲስ ማለት የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ያንን ሽፋን እዚህም እዚያም ሲልጠው ነው። ፈረንሳዊው ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1868 ነው በደንብ የገለጸው። ኤምአርአይ ከመጣ ወዲህ ግን ቁስሉን ሰው ሳይሞት ማየት ተቻለ።

«እኛ ጋ የለም» የሚለውን አባባል እኔም ተምሬዋለሁ። ሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር በሽታው ይበዛል። አንዱ ምክንያት ፀሐይና ቫይታሚን ዲ ሊሆን ይችላል። ሌላው ኤፕስቲን ባር የተባለው ቫይረስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መረጃ ያየ ጥናት፣ በቫይረሱ ከተያዙ በኋላ ተጋላጭነቱ 32 እጥፍ እንደሚጨምር አሳየ። እኛ ጋ ልጅ ሁሉ ገና በጨቅላነቱ ስለሚያዝ ነው የሚቀለን የሚሉ አሉ። ይሁን። ግን «ያንሳል» እና «የለም» አንድ አይደሉም።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትን የማታውቁ ወጣቶች እባካችሁ አንብቡ። በ1980ዎቹ (በፈረንጅ) መስቃንና ማረቆ ውስጥ ቤት ለቤት 60,820 ሰው አስጠይቀው የነርቭ በሽታን ቆጠሩ። ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ያወቅነው በሳቸው ነው፤ በጓያ እግሩ የሰለለውን ገበሬም ያጠኑት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቆጠራ ዝርዝር ውስጥ የዓይን ነርቭ መድረቅ አለ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የእግር መገተርም አለ። ይህን ስል ሥራቸውን ለማሳነስ አይደለም፣ ያኔ በሀገሩ አንድ ኤምአርአይ አልነበረም። ግን ሳነበው ሁሌም ያቺ ልጅ በሁለቱ መስመሮች መካከል የቆመች ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ውጭ ሄድኩ። ሥራዬን በትልቁ አታስቡት፤ ለዓመታት ጨለማ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ በማውስ ነጠብጣብ ከበብኩ። የመድኃኒት ሙከራ የሚመዘነው በከፊል በዚህ ነው፦ አዲስ ነጠብጣብ ስንት ወጣ? ጋዶሊኒየም ሲወጋ የሚያበራው ስንት ነው? የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ኢንተርፌሮን፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲፈቀድ ካሳመኑት ነገሮች አንዱ ፎቶው ነበር። ግን የፎቶው ብዛትና የሰውየው ጉዳት አይገጥምም፤ ጭንቅላቱ ነጠብጣብ በነጠብጣብ የሆነ ሰው ብስክሌት ነድቶ ይመጣል፣ አንዲት ትንሽ ቁስል አከርካሪ ላይ ያለችበት ደግሞ አይነሳም። በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አይቻለሁ። ከኛ አካባቢ የመጣው አንድ ብቻ ነበር፤ በሻንጣዬ ይዤው የሄድኩት የሷ ሲዲ።

ለተማሪዎቼ እዚህ ላይ ደጋግሜ የምለውን ልድገም። ነጭ ነጠብጣብ ሁሉ ኤምኤስ አይደለም! የማክዶናልድ መስፈርት «ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከሌለ» ይላል፣ የወጣው ግን ቲቢ ብርቅ በሆነበት ሀገር ነው። እኛ ጋ መጀመሪያ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ ቫይታሚን ቢ12። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኤንኤምኦ። ደሙ ውስጥ ያለው ጸረ-አካል እ.ኤ.አ. በ2004 እስኪገኝ ድረስ ብዙ ጥቁር ታማሚዎች ኤምኤስ ተብለው ታክመዋል፤ ኢንተርፌሮን ደግሞ ኤንኤምኦን ያባብሳል። የሷን ደም ውጭ ልከን ነጻ ነሽ እስኪባል ወር ሙሉ አልተኛሁም። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ሰው ሁለተኛውን ይፈራል።

መድኃኒቱስ? ስመለስ ይዤ የመጣሁት ሪቱክሲማብን ነው። ለሊምፎማ ካንሰር የተሠራ፣ በስድስት ወር አንዴ በደም ሥር የሚሰጥ፣ አሁን በርካሽ ተመሳሳዩ የሚመረት። ስዊድኖች ለኤምኤስ ሲጠቀሙበት ኖረው እ.ኤ.አ. በ2022 በ200 ሰው ላይ ያደረጉትን ሙከራ አወጡ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ያገረሸበት በሪቱክሲማብ ወገን 3 በመቶ፣ በሌላኛው መድኃኒት 16 በመቶ። በዓመቱ የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት ሌሎች ጋር ለኤምኤስ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገባው። ከዚያ በፊት ዝርዝሩ ላይ ለዚህ በሽታ አንድም አልነበረም።

እንደተመኘሁት ቀላል አልሆነም። ከመጀመራችን በፊት የጉበት ቫይረስ ምርመራዋ ሄፓታይተስ ቢ አለባት አለ። ሪቱክሲማብ የተኛውን ቫይረስ ቀስቅሶ ጉበት ሊጨርስ ይችላል። ቴኖፎቪር አስጀምረን፣ ጠብቀን፣ ገባንበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች አንዳንዶቻችሁ አዋጥታችሁ ነው የገዛነው፤ አትጥራን ስላላችሁ አልጠራችሁም።

ሦስት ዓመት ሆነ። አዲስ ነጠብጣብ የለም፣ አልተመለሰባትም። እግሯ ግን አልዳነም። መድኃኒቱ ሌላ እሳት እንዳይነሳ ይጠብቃል እንጂ የተቃጠለውን ቤት አይሠራም፤ በጊዜው ቢሆን ኖሮ የሚለውን እናንተው ጨርሱት። በምርኩዝ ትሄዳለች፣ ከእናቷ ጋር ቡና ታፈላለች፣ ፍሬ የምትለቅመው እሷ ናት።

በአረፋ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ፎቶዋን በስልኬ አሳየኋቸው። እናትየው መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። ከዚያ በጣቷ አንድ በአንድ እየነካች «ኢልማኮ፣ ያን ቀን ምንም የለባትም ስትለኝ ከነዚህ ውስጥ የትኛው ነበር?» አለችኝ።

አሮጌ ጠባሳ ዕድሜውን አይናገርም። አዲሱን እናውቀዋለን፣ ጋዶሊኒየሙ ለጥቂት ሳምንት ያበራዋል፤ ከዚያ በኋላ የአምናውም የዛሬ አሥር ዓመቱም አንድ ይመስላል። ይህን ላስረዳት ጀምሬ ተውኩት።

«አላውቅም፣ እናቴ» አልኳት።

ስልኩን መለሰችልኝና ቶናውን ቀዳች።