ተዋጊው ለምን ዝም አለ?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ዶርም ውስጥ ጓደኞቹን ሰብስቦ ያንን የድሮ ጨዋታችንን ማጫወት ጀምሯል። «ቲቸር፣ አስማተኛው ጨዋታውን ጠቅልሎ ያዘብኝ። ሁለቱ ተዋጊዎች ተራቸው እስኪደርስ ስልካቸውን ይጎረጉራሉ። አስማቱን ልቀንስበት ወይስ የነሱን ሰይፍ ላጠንክር?» ይላል።

በአጭሩ ልመልስለት ጀመርኩና አልሆነልኝም። ያኔ የቡ ላይ አስማተኛችን እሱ ራሱ ነበር። ይህን ጥያቄ ሊጠይቀኝ ይገባ የነበረው ሌላ ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ሳይጠይቀኝ ሄደ። ስለዚህ መልሱን እዚህ እጽፈዋለሁ። ያኔ አብራችሁን የነበራችሁም አንብቡት።

ለማታውቁት፣ ጨዋታው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ስክሪን የለውም። አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። «አሁን ምን ታደርጋለህ?» እየተባባሉ ታሪኩ ይቀጥላል። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ባለ 20 ፊት ዳይስ ይጣላል። እኛ ዳይሱ ስላልነበረን ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸውን ወረቀቶች በወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከተን እናወጣ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከትምህርት በኋላ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ።

ከመካከላችን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበር። ዝምተኛ ነው። «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ስለው «ተዋጊ» አለኝ። «እናቴ አስማት የሚባል ነገር በጨዋታም ቢሆን አትንካ ብላኛለች።» ሁላችሁም ሳቃችሁ፣ እኔም ሳቅኩ። ገጸ ባሕርዩን «አባ ቦራ» ብሎ ሰየመው፤ ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት።

መጀመሪያ ላይ አባ ቦራ የቡድኑ ምሰሶ ነበር። አስማተኛው አንድ ሁለት ድግምት ደግሞ ሲጨርስ፣ ከጅብ ከሽፍታ የሚያድነው አባ ቦራ ነው። አምስተኛ ደረጃ ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በመጽሐፉ ሕግ ተዋጊው እዚያ ደረጃ ላይ በአንድ ተራ 1 ጊዜ ይመታ የነበረው 2 ጊዜ መምታት ይችላል። አስማተኛው ደግሞ የእሳት ኳስ ያገኛል፦ ባለ 6 ፊት ዳይስ 8 ጊዜ ተጥሎ ይደመራል፣ በአማካይ 28 ጉዳት፣ ያውም ክቡ ውስጥ ላለው ሁሉ። ያመለጠ እንኳን ግማሹን ይቀምሳል።

ግን እመኑኝ፣ ልጁን ያስወጣው የእሳት ኳሱ አይደለም። በሩ ነው።

አንድ የተዘጋ ከተማ ደርሰው ነበር። የከተማው በር ከውስጥ በግንድ ተቀርቅሯል። ሰዓት ስላለቀብን «በሚቀጥለው ሳምንት» ብዬ አቆምኩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ አባ ቦራ የደብተር ወረቀት ይዞ መጣ። ሥዕል ሠርቷል። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ መሰላል ይሠራል፤ ከዚህ ቀደም ከሽፍታ ያዳናቸው የመንደር ሰዎች ይጠራሉ፤ ሃያ ሰው ግንዱን በገመድ ወደ ላይ ይስበዋል። ማን የት እንደሚቆም ሳይቀር ጽፏል። ገና ማስረዳት ሲጀምር አስማተኛው «እኔ በድግምት እከፍተዋለሁ» አለ። እኔም «ተከፈተ» አልኩ። አለቀ።

ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። የዚያን ቀን ሌላ ነገር አልተናገረም። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም። ቡና ለቀማ ደርሶ ስለነበር የኛ አገር ልጅ በዚያ ወቅት ቢጠፋ አይገርምም። ለቀማው አለቀ፣ ጀንፈሉ ደርቆ ተሸጠ፣ እሱ አልተመለሰም። እኔም አልጠየቅኩትም።

በኋላ መጽሐፉን ቁጭ ብዬ ሳነበው ያፈርኩት በራሴ ነው። ያ በር የሚከፍት ድግምት ዋጋ አለው። ሲደገም 90 ሜትር ገደማ ድረስ የሚሰማ የማንኳኳት ድምፅ ያወጣል። ማለት፣ የከተማው ዘበኛ በሙሉ ይነቃል። የአባ ቦራ ሃያ ሰው በጨለማ ግንዱን ቀስ ብሎ ቢያነሳው ማንም አይሰማም ነበር። ልዩነቱ መጽሐፉ ውስጥ ተጽፏል፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። የአምስተኛ ደረጃ አስማተኛ የእሳት ኳስን የሚያህል ድግምት በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው መጠቀም የሚችለው፤ ከዚያ ሌሊቱን ማረፍ አለበት። ተዋጊው ግን ጠዋትም ማታም ሰይፉ እጁ ላይ ነው። የሚዛኑ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። እኛ የነበረን አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ስለነበር በየሳምንቱ አንድ ውጊያ ይደረጋል፣ ከዚያ «ተኛችሁ፣ ነጋ» እላለሁ። አስማተኛው ሁሌም ሙሉ ኪስ ይዞ ይመጣል። የማያልቅ ደመወዝ ያለው ሰው ቁጠባ ምን ያደርግለታል?

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። «የነሱን ሰይፍ ላጠንክር?» ላልከው፣ ጨዋታውን የሚያዘጋጁት ሰዎች ራሳቸው ብዙ ሞክረዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው አራተኛው እትም ለተዋጊውም እንደ አስማተኛው በዝርዝር የተጻፉ ልዩ ምቶች ሰጡት። በቁጥር ሚዛኑ ተስተካከለ፤ ብዙ ተጫዋች ግን «ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነብን» ብሎ አጉረመረመ። በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ከዚያ መንገድ ወጣ።

እኔን የገረመኝ የጥንቱ ነው። በቀድሞዎቹ እትሞች ተዋጊ ዘጠነኛ ደረጃ ሲደርስ ጌታ ይባልና ምሽግ መሥራት ይችላል፤ ስሙን የሰሙ ወታደሮችም መጥተው ያድሩለታል። አስማተኛው መብረር ሲችል ተዋጊው ሕዝብ ነበረው። በ2000 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትም ይህ ከተዋጊነት ላይ ተነሳ፤ ተከታይ ማፍራት መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ፣ ለአስማተኛውም ጭምር፣ ክፍት ሆነ። ተዋጊው ሰይፉን ብቻ ይዞ ቀረ። የተወሰደበት ጉልበቱ ሳይሆን ሰዉ ነው።

ጅማ አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ጂሬን ወጥታችሁ ቤተ መንግሥቱን አይታችኋል። «አባ ጅፋር» የፈረስ ስም ነው፤ ዳግማዊ አባ ጅፋር ሲወለዱ ስማቸው ቱሉ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የፈረስ ስም ሰው ካልጠራው ስም አይደለም። ፉከራውም፣ የኦሮሞው ገራርሳም እንደዚያው ነው፤ ጀግናው የሠራውን በሰው ፊት ያወጣዋል፣ ሰሚው ደግሞ ይነሳል። እኛ ዘንድ ጀግና ብቻውን ቆሞ አያውቅም። ግማሽ ኃይሉ ክንዱ ነው፣ ግማሹ ስሙን ሰምቶ የሚከተለው ሰው።

ያ ዝምተኛ ልጅ ይህን ማንም ሳይነግረው ገብቶታል። ገጸ ባሕርዩን በፈረስ ስም ጠራው። በሩ ላይ ሲደርስ ያዳናቸውን ሰዎች ጠራ። እኔ ነኝ ያልገባኝ።

እና የኔ ምክር ይኸው። አስማቱን አትቀንስ፤ ዋጋውን አስከፍል። ድምፅ ካለው ይሰማ፣ ድግምቱ ካለቀ አለቀ፣ ጠላት እየተከተላቸው ከሆነ በየውጊያው ማግስት እንቅልፍ የለም። ለተዋጊዎቹ ደግሞ ሰይፍ አትጨምር፤ ስም ስጣቸው። ያዳኑት መንደር ያስታውሳቸው፣ ዘበኛው «አንተ እኮ እገሌ ነህ» ብሎ መንገድ ይልቀቅላቸው፣ ሲጠሩ የሚመጣ ሰው ይኑር። ከሁሉም በላይ፣ አንዱ ዕቅዱን ማስረዳት ሲጀምር ሌላው «እኔ በአንድ ቃል እጨርሰዋለሁ» ካለ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ እሱ ይጨርስ» በል። ይህ ሕግ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ክፍል ውስጥም ሳስተምር ብዙ ጊዜ ጥሼዋለሁ። እጁን ቶሎ የሚያወጣውን ልጅ እየጠራሁ፣ ከኋላ ሆኖ ደብተሩ ላይ ሥዕል የሚሠራውን ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ?

ባለፈው ዓመት የቡ ሄጄ ነበር። ቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ ጋ አንድ ጎልማሳ ሰዎችን እያስተባበረ ጆንያ መኪና ላይ ያስጭናል። እሱ ነው። «ቲቸር!» ብሎ አቀፈኝ። ቡና ጠጣን። ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ዘንድሮው ዋጋ አወራን። ልሄድ ስል አፌ ላይ ይዞኝ የነበረውን አወጣሁት፤ «የዚያን ቀን በሩን የከፈትኩት ያለ አግባብ ነው፣ ይቅርታ» አልኩት።

መጀመሪያ የምን በር እንደሆነ የገባው አልመሰለኝም። ትንሽ ቆይቶ ሳቀ። ጆንያ ወደሚጭኑት ልጆች ዞር ብሎ አየና፣

«ሃያ ሰው ይበቃ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ይበቃ ነበር» አልኩት።

እናንተስ? ተራኪ ሆናችሁ ወይም አስተማሪ ሆናችሁ ያለ አግባብ የከፈታችሁት በር አለ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። ደህና እደሩ።