ሁለት ገመድ በአንድ ኤክስቴንሽን

በኮንፈረንስ ከስክሪን ኋላ የምታገለግሉ ወጣቶች፣ በእኔ ይብቃ ብዬ ልንገራችሁ። የቪዲዮ ፕሮሰሰር ከውጭ ሲያዩት ጥቁር ሣጥን ነው። ውስጡ ግን ካሜራና ላፕቶፕ የሚሰኩባቸው የመግቢያ ካርዶች፣ በሴኮንድ 60 ምስል ተቀብሎ በስክሪኑ ልክ የሚያስተካክል ቺፕ፣ የመውጫ ካርዶችም አሉት። (ማራገቢያዎቹ ይጮኻሉ፤ ቻሏቸው እንጂ መተንፈሻቸውን በጃኬት አትሸፍኑ።) የእኛው ፓወር ሰፕላዩ ሁለት ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲሸከም። ሁለቱንም ገመድ ሰካሁ፤ ግን በአንድ ኤክስቴንሽን! በመዝሙር መካከል አንድ ወንድም ሲያልፍ በእግሩ ነቀለው። ስክሪኑ ጨለመ፤ ሣጥኑ እንደገና እስኪነሣ ላብ በላብ ሆንኩ። ፊት የተቀመጡት እናቶች ግጥሙን በቃላቸው ስለሚያውቁት ዝማሬው አልቆመም። አሁን አንዱን ገመድ ከዩፒኤስ፣ ሌላውን ከሌላ መስመር እስባለሁ።