ወደ ካሊምኖስ ለመሄድ ስናስብ

የዕረፍት ጊዜን ማሰብ ራሱ ግማሽ ዕረፍት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ገደል ለመውጣት ያሰበ ሰው ይህን አባባል በቶሎ አይቀበለውም። እኛ አራት ወዳጆች፥ በኤጌ ባሕር ወደምትገኘው የግሪክ ደሴት ወደ ካሊምኖስ ለመሄድ ከቈረጥን ወዲህ፥ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰብን ስንከራከር ሰንብተናል።

ደሴቲቱ አብዛኛዋ የኖራ ድንጋይ ናት። ለእርሻ የሚበቃ አፈር ጥቂት ስለ ሆነ፥ ሕዝቧ ለብዙ ዘመን ከባሕር ሥር ሰፍነግ እየለቀመ ይኖር ነበር። ለገበሬ ያልረባው ድንጋይ ግን የኋላ ኋላ ወዳጅ አገኘ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. አንድሪያ ዲ ባሪ የተባለ ጣሊያናዊ ለዕረፍት መጥቶ ገደሎቹን ተመለከተና በማግስቱ ዓመት ከጓደኞቹ ጋር ተመልሶ የመጀመሪያዎቹን የመውጫ መንገዶች ከፈተ። ዛሬ መንገዶቹ ከ3,000 ይበልጣሉ። እያንዳንዱም በዐለቱ ውስጥ በተተከሉ የብረት ችንካሮች የተመለከተ ነው፤ የባሕር ጨው ብረትን ይበላልና ችንካሩ መቼ እንደ ታደሰ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ልማድ ነው።

አንዳችን ስለ ፀሐይዋ ብዙ አወራ። ነገር ግን ፀሐያማ አገር የሄደ ገደል ወጪ ቀኑን የሚያሳልፈው ፀሐይን በመሸሽ ነው። በማሱሪ መንደር በላይ ያሉት ገደሎች ወደ ምዕራብ፥ ወደ ቴሌንዶስ ደሴት የሚመለከቱ በመሆናቸው እስከ እኩለ ቀን ጥላ አላቸው፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ጋለ ምጣድ ይሆናሉ። ስለዚህ ማለዳው ለዐለቱ፥ ከሰዓት በኋላው ለባሕሩ ይሁን ብለን በዚህ ያለ ክርክር ተስማማን።

ያከራከረን ወራቱ ነበር። ሁለታችን ፋሲካን ወደድን፤ የግሪኮችና የእኛ ፋሲካ በአንድ ቀን ይውላልና። በቀድሞው ዘመን የሰፍነግ ጠላቂዎች መርከቦች ከፋሲካ በኋላ ተነሥተው የሚመለሱት በመጸው ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግድም የመጥለቂያ ልብስ ከመጣ ወዲህ፥ ሰዎች እጅግ ጠልቀው ብዙ ቈይተው በፍጥነት ስለሚወጡ፥ ብዙዎች ሞቱ፥ ብዙዎችም ሽባ ሆኑ። በደሴቲቱ እስከ ዛሬ የሚታወቅ አንድ ጭፈራ አለ፤ መሪው እግሩ እየተንቀጠቀጠ በምርኵዝ የሚደገፍ ጠላቂን ይመስላል። በዓል ላይ ይህን ማየት ያምረናል፤ ይሁን እንጂ በፀደይ ባሕሩ ገና ቀዝቃዛ፥ ዐለቱም አንዳንዴ የክረምቱን ውሃ የሚያነጥብ ስለ ሆነ ጥቅምት አሸነፈ።

ይህ ሁሉ ሲነገር የታናሻችን እናት ቡና እያፈሉ ያዳምጡን ነበር። ድንገት ቀና ብለው፥ «ልጆቼ፥ ስለ ፀሐዩ ሰማሁ፤ ገመዱን የሚይዘው ግን ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

ሁላችንም ዝም አልን። ከአራታችን አንዱ ሲወጣ እንደ ጭላዳ ነው፤ ገመድ ሲይዝ ግን ወሬ ይወዳል። በካሊምኖስ ብዙ መንገዶች ከ35 ሜትር ይበልጣሉ፤ 70 ሜትር ገመድ በእጥፉ የሚያወርደው ግን 35 ሜትር ብቻ ነው። ጫፉ ካልተቋጠረና ያዡ ካላስተዋለ ገመዱ ከእጁ ሾልኮ ይወጣል፤ የሚወርደውም ይወድቃል። ጠላቂውም ቢሆን ነፍሱ ያለችው በመርከቡ ላይ ቆሞ ገመዱን በሚጠብቀው ሰው እጅ ነበር።

ወዳጃችንን ማስቀረት ከበደን፤ ዝም ብሎ መውሰድ ግን ከዚያ የከበደ ነበር። ስለዚህ ነገሩን በፊቱ ነገርነው። ፊቱ ጠቈረ፥ ለሁለት ሳምንትም ከስብሰባችን ቀረ። በሦስተኛው ቅዳሜ መጣ፤ በራሱ ገንዘብ የገዛውን 80 ሜትር ገመድ ተሸክሞ፥ ጫፉን ቋጥሮ። ከዚያ ወዲህ በአቅራቢያችን ባለ ዝቅተኛ ዐለት ሥር ገመድ መያዝን እየተለማመደ ነው። በማስታወሻችንም ከገደሎቹ ስም በፊት የጥንዶቹን ስም ጻፍን፤ እርሱ በሚይዝባቸው የመጀመሪያ ቀናት ሦስተኛ ሰው አጠገቡ ይቆማል።

ይህንኑ ለእማማ ስንነግራቸው ሲኒውን እያቀበሉን፥ «ሦስተኛውስ ወሬ አይወድም?» አሉ።